ሥጋው የማን ነው?

ከደሴ ማለዳ ተነስቶ ወደ መቀሌ የሚሄድ አውቶቡስ፣ ፍተሻውን ሁሉ አልፎ ቆቦ ሲገባ ምሳ ሰዓት ይሆናል። በዚያ ሰዓት ከተማዋ ለመንገደኛ የምታቀርበው ጥቂት አይደለም። በገበያው በኩል የፍየል ቅቅል የሚሠራባቸው ቤቶች አሉ። ከመናኸሪያው ማዶ ሽሮ እየተንተከተከ ይቀርባል። ከአፋር በኩል የሚመጡ ነጋዴዎች የሚያዘወትሩት ሩዝ ቤት አለ። ፉሉ፣ ጥብሱ፣ በያይነቱ፣ የማንጎና የፓፓያ ጭማቂው የየራሱ ቤትና የየራሱ ደንበኛ አለው። ለሚመርጥ ሰው የተመቸች ከተማ ናት።

መንገደኛው ግን አይመርጥም። የሚመርጥለት ሾፌሩ ነው፤ ሾፌሩም የሚመርጠው በራሱ ሆድ ነው። አውቶቡሱን ግቢው ድረስ አምጥቶ ላቆመለት ሾፌርና ረዳት፣ ባለ ሆቴሉ ከመጋረጃ ጀርባ ለብቻቸው ገበታ ይዘረጋል፤ ዋጋ አይጠይቅም፤ ከሁሉ የተሻለውን ቁራጭ ያቀርባል። ይህን ልማድ «የሾፌር ምሳ» ይሉታል። ትክክለኛ ስሙ ሽያጭ ነው። የተሸጠው መንገደኛው ነው፤ የተሸጠበትም ዋጋ አንድ ሳህን ሥጋ ነው። ነገሩን የሚያውቁት ሁሉ እንደ ደግነት ሲያወሩት ኖረዋል።

ሙህዲን ይህን ምሳ ሁለት ዓመት በልቶታል። ስለ እርሱ የሚነገረው መልካም ነገር ሁሉ ከዚህ ካልጀመረ ጎደሎ ይሆናል።

የሮቢት ልጅ ነው። አባቱ ማሽላ አራሽ ነበር፤ እርሱም ከብት አግዶ፣ ማሽላ አጭዶ፣ በኋላ የመስኖ ጉድጓድ ሲቆፈር ቱቦ ተሸክሞ አደገ። መሪ የጨበጠው መጀመሪያ በትራክተር ላይ ነው። ከዚያ ሽንኩርትና ቲማቲም በአይሱዙ አመላለሰ። መንገዱ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ እንደገና ወደ ትራክተሩ ተመለሰ። መንገዱ ሲከፈት ደሴ የሚኖሩት ሐጂ ታሂር አዲስ ያስገቡትን አውቶቡስ ሰጡት። ሰው መጫን የሙህዲን የረጅም ጊዜ ምኞት ነበር። ሽንኩርት ሲንገጫገጭ ዝም ይላል፤ ሰው ግን ጥሩ ሲነዱለት ይተኛል። መስታወቱን ቀና አድርጎ ኋላ የተቀመጡት አንገታቸውን ጥለው ሲያንቀላፉ ማየት ከምስጋና ሁሉ ይበልጥበት ነበር። ከጉድጓድ በፊት ፍጥነት ይቀንሳል፤ አሮጊት ሳትቀመጥ ማርሽ አያስገባም፤ መኪናውን የሚያስነሳው ቢስሚላህ ብሎ ነው። ሚስቱ ፈሪሀ «ከኔ ይልቅ ለአውቶቡሱ ቀስ ትላለህ» ትለው ነበር፤ እውነቷንም ነበር።

በዚህ አገር እስላምና ክርስቲያኑ በአንድ ቀዬ ይወለዳል፤ ደቦ ይወጣል፤ ለቅሶ ይደራረሳል፤ አንዳንዱም ይጋባል። የተለየው ቢላዋው ብቻ ነው። የሚደግስ ሰው ለሌላው ወገን ሌላ ፍየል ይገዛል፤ የሚያርደውን ከዚያው ወገን ጠርቶ ያመጣል፤ ድስቱን፣ ጭልፋውን፣ ሳህኑን ለይቶ ያስቀምጣል። ይህ መራራቅ አይደለም። «የአንተን እምነት አንተ ባትኖርም እጠብቅልሃለሁ» ማለት ነው። ያን ፍየል በሐሰት ያቀረበ ሰው ጎረቤቱን በምግብ ብቻ አላታለለውም፤ ጎረቤትነቱን አርዶ ሸጦታል።

የሐጂ ታሂር አውቶቡስ እንዲቆምበት የታዘዘበት ሆቴል የተመሠረተው በዚህ ልማድ ላይ ነበር። ከተሜው «ሁለት በር» ይለዋል። አረንጓዴው በር ወደ እስላሞች አዳራሽ፣ ሰማያዊው በር ወደ ክርስቲያኖች አዳራሽ ያስገባል። ሳህኖቹም እንደ በሮቹ ጠርዛቸው አረንጓዴና ሰማያዊ ነው። ባለቤቱ ጋሹ ክርስቲያን፣ የሐጂ ታሂርም የልጅነት ጓደኛ ነው፤ የሁለቱን ወዳጅነት የሚያደንቅ ሰው ሁሉ ሆቴሉንም ያደንቅ ነበር። ባለ ሥልጣን እንግዳ ሲመጣ እዚያ ይጋበዛል። በሁለቱ አዳራሾች መካከል፣ በሁለት መጋረጃ የተዘጋች ጠባብ ክፍል አለች። የሾፌር ምሳ የሚበላው እዚያ ነው።

አንድ ቀን መይሙና የሚባሉ አሮጊት በዚያ አውቶቡስ ተሳፍረው ነበር። አላማጣ ያገባች ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ የቆላ ሴት ናቸው፤ ነጭ ነጠላ ለብሰዋል። ከፀሐይ ሽሽት በቀረባቸው በር ገቡ፤ በሩ ሰማያዊ መሆኑን ልብ አላሉትም። አስተናጋጇ ነጠላቸውን አየችና ሰማያዊ ጠርዝ ባለው ሳህን ቀይ ወጥ አቀረበችላቸው።

«ልጄ፣ ሥጋው የማን ነው?» አሉ።

«የክርስቲያን ነው እማማ፣ ይብሉ።»

«ኧረ እኔ እስላም ነኝ።»

«ውይ ይቅርታ! በዚያኛው በር ይግቡ፣ አሁን አመጣለሁ።»

አሮጊቷ በውጭ ዞረው ወደ አረንጓዴው በር ሄዱ። አስተናጋጇ ሳህኑን ይዛ በመካከለኛው ክፍል በኩል አቋረጠች። ሙህዲን በዚያ ተቀምጦ ይበላ ነበር። ልጅቱ ከመደርደሪያው አረንጓዴ ጠርዝ ያለው ሳህን አነሳች፤ ወጡን ከሰማያዊው ወደ አረንጓዴው ገለበጠች፤ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ጠረገች፤ ከድስት የሚጨለፍበትን ያህል ጊዜ ቆማ ጠበቀች። እንደ ቤተኛ ስለምታየው አልደበቀችውም። እንዲያውም ፈገግ ብላ፣

«አንተ አታስብ፤ ያንተ ከሌላ ነው» አለችው።

«የኔ ከየትኛው ነው?» አላት ሙህዲን።

 ፊቷ ተለወጠና ሳህኑን ይዛ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ጥፋቱን በእርሷ ላይ መጫን ቀላል ነው፤ ስለዚህም ትክክል አይደለም። ያደረገችው የታዘዘችውን ነው፤ ያዘዛት ሰው በዚያ ሰዓት ከእንግዶች ጋር እየተጨባበጠ ነበር።

ሙህዲን ተነስቶ ተከተላት። አሮጊቷ ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን ሰደዋል።

«እናቴ፣ አይብሉት።»

«ምነው ልጄ?»

«አድሯል። ሆድዎን ያምዎታል።»

ውሸት ነበር። ከሱቅ ዳቦና ሙዝ ገዝቶ ሰጣቸው፤ መረቁት። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች በሁለቱም አዳራሽ ይበሉ ነበር። ለእነርሱ ምንም አላለም። መኪናውን አስነሳና ወጣ።

ረዳቱ ዘካሪያስ የጎብዬ ሰው ነው፤ በዕድሜ ከሙህዲን ይበልጣል፤ ረዳትነትም የጀመረው ሙህዲን ትራክተር ላይ ሳለ ነው። ከቆቦ ወጥተው ሜዳውን ሲይዙ ሙህዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው።

«ዛኪ፣ የበላኸውን ሥጋ የማን ነው ብለህ በላኸው?»

«የኛው ነው ብዬ ነዋ። ሰማያዊ ሳህን አይደል ያቀረቡልኝ?»

ሙህዲን ያየውን ነገረው። 

«እንግዲያው ሁለት ዓመት ሙሉ ወይ አንተ የኔን በልተሃል፣ ወይ እኔ ያንተን በልቻለሁ።»

«ወይ ሁለታችንም የማንም ያልሆነውን።»

«ይሄማ የባሰ ነው! የንስሐ አባቴን ምን ልላቸው ነው? የማን እንደሆነ የማላውቀውን በላሁ ልበል? ስንት ጊዜ ቢሉኝስ?»

«ሳልጠግብ የተነሳሁበት ቀን የለም በላቸው።»

«ሳቅ፣ ሳቅ! አንተ አስተግፊሩላህ ብለህ ልታልፋት ነው። እኔን ነው ስግደቱ የሚገድለኝ፤ ጉልበቴን እንደሆነ ታውቀዋለህ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሙህዲን በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ተሳፋሪዎቹ ምሳ በልተው እንደ ልማዳቸው አንቀላፍተዋል።

«እኛስ በነፃ ነው የበላን» አለ። «እነሱ ግን ጠይቀው፣ አምነው፣ ከፍለው ነው የበሉት።»

አሮጊቷን አላማጣ አውርደው ወደ መቀሌ ቀጠሉ።

ሙህዲን ደሴ ሲመለስ በቀጥታ ወደ ሐጂ ታሂር የመለዋወጫ ሱቅ ሄደ። ሐጂው መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ እየቆጠሩ ተቀምጠዋል።

«ሐጂ፣ የሁለት በር ማጀት አንድ ነው።»

«ማን አለ?»

«ዓይኔ።»

ሙስበሃው ቆመ። «ጋሹ ወንድሜ ነው። እናቴ የሞተች ጊዜ ከድንኳኑ ያልወጣ ሰው ነው። ይህን ለኔ ነው የምትነግረኝ?»

«ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?»

«እሺ፣ ነገርከኝ። ካልጣመህ አንተ አትብላ። ዳቦህን ያዝ፤ ማን አስገደደህ?»

«እኔስ እሺ። ተሳፋሪውስ?»

«ተሳፋሪ አፍ የለውም? ጠይቆ ይብላ።»

«ይጠይቃል፣ ሐጂ። የሆቴሉ ሰዎች ግን ሰውየው ማን እንደሆነ ካወቁ በኋላ ነው የሚመልሱለት።»

ሐጂ ታሂር ሙስበሃቸውን መልሰው መቁጠር ጀመሩ። «ሙህዲን፣ ያንተ ሥራ መሪ መያዝ ነው፤ ድስት መክፈት አይደለም። መኪናው የሚቆመው እኔ ባልኩበት ቦታ ነው። ሌላ ቦታ ካቆምክ ቁልፉን አምጣ።»

ሐጂ ታሂር ነገሩን አለመካዳቸው መታወቅ አለበት። ውሸት ነው አላሉም። ሄጄ አያለሁም አላሉም። ማጀቱን ለማየት ከሱቃቸው እስከ ቆቦ የግማሽ ቀን መንገድ ብቻ ነበር፤ በራሳቸው መኪና፣ በራሳቸው ሾፌር። ያልሄዱት ካዩ በኋላ አላየሁም ብለው መማል ስለማይችሉ ነው። አላዋቂነት አንዳንድ ጊዜ ጉድለት አይደለም፤ በጥንቃቄ የሚጠበቅ ንብረት ነው። ሃይማኖተኛው ሰው ለሾፌሩ ያቀረቡለት መፍትሔም ይኸው ነበር፦ አንተ ዳን፤ የቀሩት ይብሉ።

ሙህዲን ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ለፈሪሀ ነገራት። እርሷም «አውቶቡሱን ከተቀማህ ወደ ሽንኩርትህ ልትመለስ ነው» አለችው። አዎን አላት። «ሽንኩርት ቢያንስ ምሳ አይበላም» ብላ እራት አቀረበች።

ቀጣዩ ጉዞ ረቡዕ ላይ ዋለ፤ ለክርስቲያኖቹ የጾም ቀን ነው። አውቶቡሱ ሞልቷል። ቆቦ ሲገባ የሁለት በር ጠሪ ከሩቅ አይቶት እያጨበጨበ ወደ አስፋልቱ ወጣ፤ ግቢውን ከፈተ፤ እጁን አወዛወዘ። ሙህዲን ፍጥነቱን ሳይጨምር ሳይቀንስ አለፈው። ዘካሪያስ በሩ ላይ ቆሞ ለጠሪው በትሕትና እጅ ነሳው። አውቶቡሱ ከገበያው አፋፍ ጥላ ሥር ቆመ፤ ሙህዲንም ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞረ። በሕይወቱ ለብዙ ሰው ተናግሮ አያውቅም፤ ጆሮው ቀልቷል።

«ወገኖቼ፣ የምሳ ሰዓት ነው። ዛሬ የት እንደምትበሉ እኔ አልመርጥላችሁም። በዚህ ወርዳችሁ ስትታጠፉ የጀዊሪያ ቤት አለ፤ የፍየል ቅቅል ነው፤ የእስላም ነው። ከመናኸሪያው ማዶ የአስካለ ቤት ነው፤ የክርስቲያን ነው፤ ዛሬ ግን ጾም ስለሆነ ሽሮና በያይነቱ ብቻ ነው የምትሠራው። ሩዝ የሚወድ ወደዚያ ይሂድ። ጭማቂውም አለ። ማንንም አትመኑ፣ እኔንም ጭምር። ገብታችሁ ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን ማን እንደሆናችሁ ሳትናገሩ ጠይቁ። ሳያውቃችሁ የመለሰላችሁ ቤት ብሉ፤ ‹እናንተ የማን ናችሁ?› ካላችሁ ውጡ።»

 አውቶቡሱ ተንጫጫ።

«ሽንት ቤት ያለውስ የትኛው ነው?» አለች አንዲት ሴት።

«የጀዊሪያ አለው፣ እህቴ። የአስካለ ግን ውሃ ቢኖር ነው።»

«እኔ እኮ ሁልጊዜ ሁለት በር ነው የምበላው» አለ ኮት የለበሰ ሰው በቁጣ። «ንጹሕ ነው፤ ትልቅ ሆቴል ነው። ለምን አልቆምክም? ምን አጋጨህ?»

እዚህ ላይ ሙህዲን ዝም ማለት ይችል ነበር። ቦታ መቀየሩን በሌላ ሰበብ ማሳበብ ይችል ነበር፤ ለመይሙና የዋሸው ውሸት እንደገና በአፉ ሊመጣ ቀርቦ ነበር። እንጀራው በዚያች ቅጽበት በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

«አልተጋጨሁም» አለ። «ወጡን ከአንድ ሳህን ወደ ሌላ ሳህን ሲገለብጡት አየሁ። የክርስቲያኑ የእስላም ሆነ። እኔ ባለሁበት፣ በዚህ ዓይኔ። ያየሁት ይኸው ነው፤ ያላየሁትን አልጨምርም። መሄድ የፈለገ ይሂድ፤ መኪናው ሁላችሁንም ይጠብቃል።»

ኮት የለበሰው ሰው ሌሎች ሦስት አራት ሰዎችን አስከትሎ ወደ ሁለት በር ሄደ። ሙህዲን አልከለከላቸውም፤ በዓይኑም አልተከተላቸውም። ሌሎቹ ግን ወርደው በየአቅጣጫው ተበተኑ። ዘካሪያስ ከኋላቸው «ማተባችሁን ሸፍኑ! ሂጃብ ያላችሁ ክርስቲያን ልካችሁ አስጠይቁ!» እያለ ይጮህ ነበር። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ አንዱ ባለ ኮፍያ አንዱ ባለ ማተብ፣ ተያይዘው ወደ ጀዊሪያ ቤት ሲገቡ ታዩ። ጀዊሪያ ገና በሩ ላይ ሳሉ «የእስላም ነው፣ የማይሆናችሁ ማዶ አስካለ ዘንድ!» ብላ ተጣራች። ባለ ማተቡ እየሳቀ ወጣ።

የሁለት በር ባለቤት ጋሹ ሳይዘገይ መጣ። ዘወትር እንደሚለብሰው በሱፍ ልብስ ነው፤ ተቆጥቶም አልመጣም። ሙህዲንን አቅፎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ወንድሜ ሙህዲን፣ ምን አስቀየምንህ? ገበታህ ቀርቧል እኮ። ና እንብላ።»

«ይቅርብኝ፣ ጋሼ።»

«አየህ» አለ ጋሹ፣ ድምፁን በዙሪያው የቆሙት እንዲሰሙት ከፍ አድርጎ፤ «አገሩ ስንት ነገር አሳልፏል። ሰው ፍቅር በሚፈልግበት በዚህ ጊዜ እስላምና ክርስቲያኑን ልታጋጭ ነው? የወሎን ስም ልታጠፋ ነው?»

የዚህ ዓረፍተ ነገር አሠራር ሊታይ ይገባዋል። የሰረቀው ሰው የተሰረቀውን ዕቃ አንገቱ ላይ አስሮ፣ ሌባ ተብሎ ሲጠራ «ይህን ጌጥ አትንኩት» ይላል። አብሮ መኖርን ለሆቴሉ ታፔላ ያደረገ፣ በማጀቱ ግን ያፈረሰው ጋሹ ነው፤ አፍራሽ ተብሎ በአደባባይ የተከሰሰው ሙህዲን ሆነ። አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ ቃል ስንት ሰው ዝም እንደተሰኘ የቆጠረ የለም።

ጋሹ ስልኩን ዘረጋለት። ሐጂ ታሂር መስመር ላይ ናቸው።

«ሙህዲን፣ ለሕዝቡ ተሳስቻለሁ በልና ሥራህን ቀጥል። ሌላ ነገር አልፈልግም» አሉ።

ሙህዲን ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ጋሹን አየው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ እርስዎም ጾመኛ ነዎት። ምሳዎን የት በሉ?»

«ቤቴ ነዋ» አለ ጋሹ ወዲያው።

«ከሆቴልዎ አልበሉም?»

 ከአስካለ ቤት እጁን እየጠራረገ የወጣ አንድ ሽማግሌ ጋሹን «እኛም እንደ እርስዎ ነው ያደረግን፣ ጌታዬ» አለው። ሳቁ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ። ጋሹ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈና ስልኩን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

ሙህዲን ግን ከመመለሱ በፊት በስልኩ ተናገረ፦ «ሐጂ፣ ሰዎቹን መቀሌ አድርሼ፣ መኪናውን ደሴ መልሼ፣ ቁልፉን በእጅዎ እሰጥዎታለሁ።»

እንዳለውም አደረገ። አውቶቡሱን አጥቦ፣ ወንበሮቹን አራግፎ ነው ያስረከበው። ዘካሪያስ አብሬህ እወርዳለሁ ብሎ ነበር። ሙህዲን ተቆጣው።

«ሁለታችንም ከወረድን ማን ይነግራቸዋል?»

«አዲሱ ሾፌር ቢያባርረኝስ?»

«ያኔ ትወርዳለህ። አሁን ግን አትውረድ።»

ሙህዲን ዛሬ የሽንኩርት አይሱዙ ይነዳል። መኪናዋ የሰው ናት፤ ወንበሯ የተቀደደ ነው፤ ወገቡን ያመዋል። በመስታወት የሚያየው ጆንያ ነው። ጀግና ብሎ የጠራው የለም፤ ለደሴ ባለ አውቶቡሶች «ወሬኛው ሾፌር» ነው፤ ሰው የሚጭን መኪና የሚሰጠው አልተገኘም። ሁለት በር አልተዘጋም። በሮቹ በቅርቡ እንደገና ተቀብተዋል። ማጀቱን ገብቶ ለማየት ሥልጣን ያለው ሁሉ እስከ ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ተጋብዞ ነው የሚመለሰው። ይህ ሁሉ በአንድ በኩል ተጽፎ፣ በሌላው በኩል የአንድ ሰው እምቢታ ብቻውን ቆሟል። በሚዛን የከበደው እምቢታው ነው።

ባለፈው ማክሰኞ አይሱዙዋ ከገበያው ዳር ሽንኩርት ስትጭን የሐጂ ታሂር አውቶቡስ መጣ። አዲሱ ሾፌር ወደ ሁለት በር ግቢ አስገባው፤ ጠሪው አጨበጨበ። ሾፌሩ ብቻውን ወደ መጋረጃው ጀርባ ገባ። ተሳፋሪዎቹ ወረዱ፤ ከሁለቱ በሮች ፊት ለአፍታ ቆሙ። ከዚያ ከፊሎቹ ገቡ፤ የበለጡት ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ አስፋልቱ ወጡ። ዘካሪያስ ከጎብዬ ጀምሮ በአውቶቡሱ መተላለፊያ ላይ እየተመላለሰ ሲነግራቸው ነው የመጣው። አንዲት እናት ልጇን አዝላ በአይሱዙዋ አጠገብ ስታልፍ ለጓደኛዋ «መጀመሪያ አንቺ ጠይቂ፣ ያንቺ ልብስ አያስታውቅም» ስትል ተሰማች።

ሙህዲን መስኮቱን ሙሉ በሙሉ አወረደና በየቤቱ ደጃፍ ቆመው ሲጠይቁ አያቸው። ጫኞቹ የመጨረሻውን ጆንያ ወርውረው የመኪናዋን ጎን በመዳፋቸው መቱ። «ሙሉ ነው፣ ሂድ!» አሉት። ቢስሚላህ ብሎ ማርሽ አስገባ።